ጥያቄ ሰባት

ማስታወቂያው ቁጥብ ነው፦ «ቆይታው ሁለት ዓመት፣
መጠነኛ አበል፣ የመስክ ወረርሽኝ ጥናት፣
ጀማሪ ይበረታታል።» ይኸው ነው፣ ማካ፤
ሌላው አልተጻፈም፣ ሌላው አይለካ።

ጥያቄ ሰባት ላይ ብዕርሽ እንደቆመ ነገርሽኝ፤
እኔም እዚያው ቆሜያለሁ፣ ሻዬ ቀዝቅዞብኝ።
«ይህን ዕድል ለምን?» ይላል፤ ክፍቱ ቦታ ሦስት መስመር ነው።
«ሕዝቤን ለማገልገል» ብዬ ሞላሁት። ደህና ውሸት ነው።

ስልኩ የጮኸብኝ ጥቅምት ነው፣ ሌሊት፣
ከኩታይሲ ሆስፒታል፣ ከጽኑ ሕሙማን ቤት።
«አምስት ሰው» አለ ዙራብ፣ ተረኛው ሐኪም፣
«የዐይናቸው ቆብ ወድቋል፤ ትኩሳት ግን የለም።
አንዱን ሰው ሁለት አድርገው ያያሉ፤
ምላሳቸው ታስሯል፣ አእምሯቸው ሙሉ፤
ሁሉን ይሰማሉ።»

በነጋታው መኪናችን ከጭቃ ተጣላች፤
መንደሩ ሊታይ ሲል ተኛች።
ቅጹን በደረቴ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ገባሁ፤
ከውሻ በቀር ተቀባይ አላገኘሁ።

አርባ ነበር ለካ። በአንድ ረጅም ገበታ
ሠላሳ ሰባት ሰው ለሟች ነፍስ ሲጠጣ አምሽቷል እስከ ማታ፤
ቀይ ባቄላ፣ ዐሣ፣ አይብ፣
በጠርሙስ የታሸገ ቃሪያ፣ ጥቁር ወይን።

የእኔ ሥራ ይህ ነበር፦ ከቤት ወደ ቤት፣
«ከየትኛው ሳህን ጎረስሽ?» ማለት ሐዘንተኛን ሴት።
«የተዝካር እህል አይቆጠርም» አሉኝ፣ አፍረውልኝ።
ቆጠርኩ። ሌላ ምን አለኝ?
ቃሪያ ከበሉት ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ አንዱ ታመመ፤
ካልበሉት ሃያ ሦስት፣ አንድም አልደከመ።

ሠንጠረዥ አይዋሽም፣ ማካ፤
ግን በር አያንኳኳ።

ቃሪያውን ያሸገች ናርጊዛ ናት፣ የሟች እኅት።
«ይህ እጅ» አለች ዘርግታ፣ «ሠላሳ ዓመት
አብልቷል። ማንን አሳመመ?»
የተረፉት ጠርሙሶች ከአልጋዋ ሥር እንዳሉ
መንደሩ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።
ፖሊስ መጥራት ይቻል ነበር። አልጠራሁም።
አጠገቧ ቁጭ ብዬ ዋልነት ፈለፈልኩ፣ ጣቶቼ እስኪጠቁሩ፣
ሳልጠይቃት፣ ሳትጠይቀኝ፣ ተራሮቹ እስኪሰወሩ።

ኋላ፣ ዐይኗን ከቅርፊቱ ሳታነሣ፣
«ስሜ ይጻፋል?» አለችኝ።
«ስም የለም፤ ቁጥር ነው።»
«ኦታርስ? ዛሬ ጠዋት የሞተው፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ እሱስ?»
«አራተኛው መስመር» አልኩ። አልመጣልኝም የተሻለ መልስ።
ዝም አለች። ገባች። ሦስቱን ጠርሙስ አመጣች፣
እንደ ሕፃን በሻርፕ ጠቅልላ ሰጠች።

ላቦራቶሪው አረጋገጠ። ሪፖርቱ አራት ገጽ ወጣው፤
ከአራቱ ገጽ ለመንደሩ አንድ ካርድ ደረሰው፦
«ሳይበላ በፊት ዐሥር ደቂቃ ይፍላ።»
ዐሥር ደቂቃ፣ ማካ! የአንድ ድስት እንፋሎት።
የኦታር ዕድሜ ሃያ ሁለት።

አማካሪዬ ጉራም ረቂቁን አንብቦ
በቀይ ጻፈበት፦ «ስም አጥፊ።»
ትእዛዝ ነው፤ ስድብ አይደለም። እኔ ግን
ሌሊቱን ሁሉ ሁለቱንም ሆኜ አደርኩ።
ናርጊዛን፣ ስሟ እንዳይጠፋ፣ ስሟን አጠፋሁላት።
ኦታርን ግን ምን ብዬ? መስመር አራት፦
«ወንድ። ሃያ ሁለት። ሞተ።»
በዚያው በቀይ ብዕር፣ መዳፌ ላይ፣ ስሙን ጻፍኩት፤
ሳህን ሳጥብ ለቀቀ።

እና ሙዪው። ቀኑ ዓርብ ያበቃል።
ውሃ የማያስገባ ጫማ ግዢ፤ አበሉ ዘግይቶ ይገባል።
የሚያበሉሽን ሁሉ አትብዪ፤ የሚሉሽን ሁሉ ስሚ።
ጥያቄ ሰባት ላይ ብዙ አትድከሚ፤
«ሕዝቤን ለማገልገል» በዪ።
ደህና ውሸት ነው፤ በሁለት ዓመት ይበስላል።