ገጽ መቶ ዐሥራ ሦስት

ከአቶቴ ወረድ ብሎ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጓሮ፣
አንድ ኮምፒውተር አለኝ፣ ሆዱ በአቧራ ተወጥሮ።
በውስጡ የድሮ ጨዋታ፤
ሰይፍና ዋሻ፣ ጠንቋይና ግንብ፣ የማይነጋ የጫካ ማታ፤
ጭራቆቹ መቶ ዐሥራ ሁለት፣
ብቅ ይላሉ፣ ይወድቃሉ፤ ሥራቸው መሞት።
ሠሪዎቹ ረስተዋቸው፣ ወይ ዲስኩ ጠቧቸው፣
ከየት መጡ? ምን ይበላሉ? ማን ነው የወለዳቸው?
አንድም ቃል አልጻፉላቸው።

እኔ ልጽፍላቸው ተነሣሁ።
መዝገብ፣ በራሱ በጨዋታው ሆድ፣
አንድ ቁልፍ ሲጫን የሚከፈት፤
ለያንዳንዱ ስም፣ ለያንዳንዱ ገጽ፣
ጉልበቱ፣ ድካሙ፣ የሚሸሸው እሳት።

ግን ጨዋታው ፊደል አያውቅም።
ስምንት በስምንት ነው ቤቱ፤ ከዚያ በላይ ነጥብ አይለቅም።
«ሀ»ን ሣልኩ፣ «በ»ን ሣልኩ፤ ሁለቱም በልክ ገቡ፤
«ጭ» ግን እግሯ በዝቶ፣ ነጥቦቿ ተደራርበው ጠበቡ፤
«ጭራቅ» ብዬ የጻፍኩት «ጥራቅ» ሆኖ ይወጣል።
ለአንዲት ፊደል ሦስት ሌሊት። መብራቱ ሁለቴ ይሄዳል፤
ሴቭ ያላልኩት ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

ገጽ ሰባት። ልጋግ።
ጉልበት፦ አራት። ጨው ይጠላል።
ቢቸኩልም የሚቸኩለው ቀስ ብሎ ነው።

ገጽ አርባ። የድንጋይ ዘበኛ።
ጉልበት፦ ሁለት መቶ። እሳት አይሰማውም።
የሚጠብቀውን በር ማን እንደሠራው አያውቅም፤
ደመወዝም ጠይቆ አያውቅም።

ገጽ ሃምሳ ዘጠኝ። ሬሳ ጠባቂ ወፍ።
አካሄዱን ከአሞራ ገደል ነው የወሰድኩት፤
አባ ኮዳ የዓሣ አንጀት እስኪጣልለት
ክንፉን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲንጎራደድ፣
ልክ ጡረታ እንደወጣ ዳኛ።

ፈታኜ ለዳሞ ነው፤ የዓሣ አሥጋሪው የቡሪሶ ልጅ፤
ከትምህርት መልስ ይመጣል፣ ጫማውን አውልቆ ከደጅ።
ሰይፍ ሰጠሁት፤ አልመዘዘም።
ከድንጋዩ ዘበኛ ፊት ቆመ፤ አልሸሸም፣ አልመታም።
«ምታው እንጂ፣ ገጹ እንዲከፈት!»
«ካልሞተ አይከፈትም?»
«አይከፈትም። ሲሞት ነው የሚጻፍለት።»
ዝም አለ። ቆይቶ፦ «እንደ ለቅሶ ቤት?
ሰውየው ሳጥን ውስጥ ተኝቶ
የሕይወት ታሪኩ በማይክ እንደሚነበብለት?»

መልስ አልነበረኝም።
«አባቴ ጉማሬ ገድሎ አያውቅም» አለ፣
«ግን የት እንደሚያድር ያውቃል፤
እናቲቱ ስትወልድ የትኛውን ዳር እንደምትጠላ፣
ከአረፋው እስከ አረፋው ስንት ትንፋሽ እንዳለ ያውቃል፤
መቅዘፊያውን ያነሣና ይጠብቃል።
ማን ነገረው? ቆሞ አይቶ እኮ ነው።»

ልጅ ምን ያውቃል ብዬ ሸኘሁት።
ማታ ግን አንድ መስመር ሰረዝኩ፤
«ቢገደል» የሚለውን «ቢታይ» አልኩት፤
ሰይፉን ሳይመዝ፣ እስከ ሠላሳ ለሚቆጥር ሰው
ገጹ በራሱ ይከፈት።
ጨዋታው ከበደ።
ሃያ ላይ ስትደርስ የሚበላህ አለ።
ይብላህ፤ የማየት ዋጋው ስንት ሊሆን ኖሯል?

ደግሞ ፋይሉን ስበረብር፣ ከቆጠርኳቸው ሁሉ ውጪ፣
አንድ አገኘሁ፤ ተሥሎ ያለቀ፣ ዐይን ያለው፤
የትኛውም ካርታ የማይጠራው።
ሃያ አምስት ዓመት ጨለማ ውስጥ ተራውን ሲጠብቅ።
ሐይቅ ሠራሁለት፣ በዳሩ ሸንበቆ፣
ከጀርባው ታቦርን የመሰለ ጉብታ፤
ገጹን ግን መጻፍ አቃተኝ።

ትናንት ለዳሞ ደረሰበት።
እጁን ከቁልፎቹ አነሣ፤ ቆጠረ፤
ሠላሳ አለፈ፤ ስልሳ አለፈ፤ አላቆመም።
ገጽ መቶ ዐሥራ ሦስት ተከፈተ፤ ነጭ ነው፤ ስም የለበትም።
«ምን ልጻፍ?» አልኩት።
ዐይኑን ከሐይቁ ሳይነቅል፦
«ቆይ» አለኝ፣ «ገና እየተነፈሰ ነው።»