ለምን ይቸኩላል?

ላ ሴሬና ላይ ነው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ሚሬያ አልተኛችም፣ ኮከብ ፈንድቶባት።
የቴሌስኮፑ ቅጽ፦ «ለምን ይቸኩላል?
ዓመት የጠበቀ ስንት ሰው ተሰልፏል።»

«የሞተውስ ድሮ ነው» ብላ ጀመረችው፣
«ብርሃኑን መንገዱ ሚሊዮን ዓመታት ፈጀው፤
መርዶው ቢዘገይም ለቅሶው ግን አያድርም፤
ሰማያዊ ወዙ ሐሙስን አያይም።»
መርዶውን ሰረዘች፤ ቅጽ እንባ አያውቅም።
«አራት ሰዓት ብቻ» አለች፤ አልጨመረችም።

ጣቷ «ላክ» ላይ ቆመ፤ ከተፈቀደላት፣
ኦታካር ነው የሚነሳ፣ የብርኖው፣ ከነገው ሰዓት፤
ለዚያ የምህዋር ዓይን ሁለት ዓመት ጠብቆ፣
ትናንት ነው የጻፈላት «ተራዬ ደረሰ» ብሎ፣ ስቆ።

ተጫነችው።

ሊነጋጋ ሲል ስልክ ደወለችለት፦
«ኦታካር፣ ቁጭ ብለሃል?»