የሽቦው በር

ዝናብ ነበር ጌንት፣ በኅዳር መባቻ፤
በጫማ ካርቶን ውስጥ አንዲት እፍኝ ብቻ
ይዞ መጣ ዮሪስ፤ «ስም የላትም» አለኝ።
ያን ጊዜ ከሳሎን ድም! ሲል ተሰማኝ፤
ሎደ ነው፤ በኋላ እግሩ ወለሉን ደለቀ፣
የኔሌም ጆሮ ከጀርባዋ ተጣበቀ።

አሮጌ ፎጣዬን ለሁለት ቀደድሁት፣
ግማሹን ለድመቷ፣ ግማሹን ለጥንቸሎቹ አነጠፍሁት፣
በማግስቱ ደግሞ አለዋወጥሁት።
መጀመሪያ ጠረን፤ ከዚያ ዓይን ይተያይ፣
ሽቦው መሃል ቆሞ፣ እኔ ወለሉ ላይ።

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ»
ብላ በስልክ ሳቀች፣ ተረበችኝ እናቴ።
ሎደ አራት ኪሎ ነው፣ ሚዛኑን ማለቴ፤
እሷ ከነጭራዋ ግማሽ ኪሎ አትሞላ።
በአሥራ አንደኛው ቀን
ሽቦውን ሳነሳው፣ ሸሸች ወደ ኋላ።

ሎደ ቀስ ብሎ መጣ፣ አሸተታት፣ ቆመ፣
አንገቱን ዝቅ አድርጎ ከፊቷ ተጋደመ።
«ላሺኝ» ነው ትርጉሙ በጥንቸሎች ቋንቋ፤
ድመት በየት አውቃ?
ብቻ ግንባሩን አንዴ ላስ አረገች፣
ጠጉር ቀመሰችና አነጠሰች።

ኔሌ? ጀርባዋን ሰጥታን ድርቆሽ ትበላለች።
እንጠብቃት እንጂ፣ ምን ያስቸኩለናል፤
ጌንት እንደሆን ገና ይዘንባል።