የክርን ቦታ

ከጫጫ ማዶ፣ ከከብት በረት፣ አስራ ዘጠኝ ክረምት ከርማ፣
የኋላ ወንበሯን ዶሮ ታቅፋበት፣ በጣራዋ ዝገት ጠምጥማ፣
ደብረ ብርሃን ገባች ፔጆዋ፣ አይሱዙ ጎትቷት በገመድ፤
ወይዘሮ ጥሩወርቅ መሪ ጨብጣ፣ ፊቷ ባቧራ እንደ አመድ።
እኔ ያኔ አስራ ስድስት ዓመቴ፤ ደሞዜ ምሳና ሳሙና።
የጋራዡን በር የከፈትኩላት እኔ ነኝ፤ እሱን ያዙልኝና፦

«ቀይ ይሁን» አለ ልጇ፣ «የሚያብለጨልጭ፣ የዘመኑን»፤
እሷ ከቦርሳዋ አወጣች ሊብሬውን፣ ጠርዙ ያለቀውን።
«ቀለም» ከሚለው ፊት ለፊት፣ በደበዘዘ ቀለም፣
«ግራጫ» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም።
ጋሽ አጥናፍሰገድ ሳቀ። «ግራጫማ ስንት አለ!
የአህያ አለ፣ የጭስ አለ፣
ዘንቦ የወጣለት ደመና አለ፣ ሊዘንብ ያሰበ አለ።»

በብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ፣ ሽፋን በሽፋን ወረድን።
ላዩ ነጭ ነው፣ ለሙሽራ ስትከራይ የለበሰችው፤
ከነጩ ስር አረንጓዴ፣ አባቷ በብሩሽ የቀባው፣
መኪና በሚወረስበት ሰሞን፣ በአንድ ሌሊት፣ በኩራዝ፤
የብሩሹ ጠጉር እንኳ እዚያው ቀርቷል፣ ከቀለሙ ጋር ደርቆ።
ግራጫው ግን የለም። ድሮ ያለቀ፣ ተፍቆ።
ክሩስኮቱን ፈትተን፣ ከሰዓቱ ጀርባ፣ ፀሐይ ካልደረሰበት፣
አውራ ጣት የምታህል አገኘናት፤ የእርግብ ደረት።

ሦስት ቀን በጠበጠ። ሰማያዊ በጠብታ፣ ጥቁር በክብሪት ጫፍ፤
በላሜራ ቁራጭ እየቀባ፣ አጥሩ ላይ በሰልፍ በሰልፍ
ሰቀላቸው፤ ጠዋት ሌላ፣ ማታ ደግሞ ሌላ ናቸው።
«ቀለም እርጥብ ሳለ ይዋሻል፣ እንደ ሰርግ ሽማግሌ፤
ሲደርቅ ጠይቀው» ይለኝ ነበር፣ «ያን ጊዜ ይነግርሃል ልጄ።»
ጠዋት ከቀባን ውርጩ ያለብሰዋል፣ ከሰዓት ንፋሱ አይምርም፤
ከአምስት እስከ ሰባት ብቻ፣ ከዚያች ሌላ ሰዓት የለንም።
በሩ ላይ የከተማውን ብርድ ልብስ ጋረድን፣ ሱፉ እንዳይበን አርሰን።

አሁን ወደ ጉዳዬ።
የግራው በር አናት ላይ፣ መስተዋቱ በሚወርድበት ጠርዝ፣
ቀለሙ ሁሉ አልቆ፣ ላሜራው ያበራ ነበር፣ ለስልሶ።
የአባቷ ክርን ነው። ሠላሳ ዓመት ጣርማ በርን
ሲወጣና ሲወርድ እዚያ ያሳረፈው ክርን።
ጋሽ አጥናፍሰገድ በጠመኔ ከበባት። «ይቺን አትንካ» አለኝ፣
ቲነር ሊገዛ አዲስ አበባ ወረደና፣ ብቻዬን ተወኝ።
ጎበዝ ነበርኩ። ጉብዝና ነው ያጠፋኝ።
ውሃው ጠመኔውን አጠበው፣ እጄ ከመስመሩ አልፎ ሄደ፤
አንቲራስቱን ስነፋ ክርኑ ከሌላው ጋር ነጎደ።

ተመልሶ ሲመጣ በመዳፉ ዳሰሰ። ምንም አላለም።
ቀባ። እንዲያ ያለ ቅብ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤
ሰማዩ ከኮፈኑ ላይ ቁልቁል ሲያልፍ ይታያል።

ጥሩወርቅ መጥታ ዞረቻት፣ አለቀሰች፣ ሳቀች፣
ገብታ መስተዋቱን አወረደች፣
ክርኗን አወጣች፣ አስቀመጠች፤ መልሳ በጣቷ ፈለገች።
«የት ሄደ?»
«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አላት። «ሽማግሌ እጅ አይታመንም።»
እኔ ከኮምፕሬሰሩ ጀርባ ነበርኩ። ያን ቀን አልወጣሁም።

ጠባሴ ላይ የራሴን ከፍቻለሁ። እሱ አርፏል፣ ነፍስ ይማር።
ባለፈው ጥር ከደብረ ሲና ስወጣ፣ ከዋሻው አፍ፣ በጉም መሃል፣
መብራቷ ሳይታይ እሷ ታየች፣ ከጉሙ የተቀዳች ይመስል።
ጥሩወርቅ ናት። በዚያ ብርድ መስተዋቱን አውርዳ፣
ክርኗ በር ላይ።
አልጠራኋትም፤ አልቆመችም።
ግን ሳልፋት አየሁ፣ ዓይኔ ሌላ ምን ያያል፤
ጠርዙ ላይ ግራጫው ትንሽ ሳስቷል።
ላሜራው ገና ነው።