ወፏ ወዴት ነበር የምታይ

በቴምር ካርቶን ታሽጎ፣ በአሮጌ ፎጣ ተጠቅልሎ፣
መጣልን የበሩ መስታወት፣ መቶ ዓመቱን አዝሎ።
ከቦምቤይ በመርከብ ሲመጣ ማዕበል የማረው፣
ሙሐረቅ ላይ የኤሲ ገጣሚ መሰላል ሰበረው።

አለቃዬ ሱኩማራን ቆጠረ፦ መቶ አሥራ ሰባት ስባሪ፤
የወፏ ራስ ግን የለም፤ ሳይወስደው አልቀረም ጠራጊ።

እኔ ኮምቦልቻ ሳለሁ የመስኮት መስታወት ቆራጭ ነበርኩ፤
ቀጥ ያለ መስመር እንጂ ሐረግ መሳል መች ተማርኩ።
እዚህ ነው አሸዋ በአየር ግፊት ሲተፋ ያየሁት፣
ጥሩውን መስታወት ጉም ማልበስ የለመድኩት።

ጣቴን አሳለፍኩበት፤ አንዱ ፊት ልሙጥ፣ አንዱ ሻካራ፤
በአሲድ ነው የጥንቱ ሰው፣ በትዕግሥት የሠራ።
ሦስተኛው ቅጠል ላይ ግን እጁ አድጦት፣
አንዲት ጭረት ከዳር አምልጣለች፤ መቶ ዓመት ማንም አልነቀፋት።

ባለቤቶቹ መጡ፤ እኅትና ወንድም፣
በምርኩዝ ቆመው ቀሩ፣ ወንበርም አልፈለጉም።
«ወደ ቀኝ ነበር የምታይ» አሉ ሙዛ፣ «በየማለዳው አውቃታለሁ።»
«ወደ ግራ!» አሉ ጃሲም፣ «በዚህ ዓይኔ እምላለሁ።»
ፎቶ የለም። ሣሉልኝ ብዬ እርሳስ ሰጠኋቸው፤
ሁለቱም ዶሮ ሣሉ፤ አንገቷ ብቻ ነው ልዩነታቸው።
«የሚከፍለውን ስማ» አለኝ ሱኩማራን በጆሮዬ።

ሦስት ቀን ወፏ ወረቀቴ ላይ አንገት አልባ ቆየች።

በአራተኛው ልኬት ልወስድ ሄድኩ፣ ወደ ባዶው በር፤
ሙዛ ከግቢው ሆነው አወሩኝ፣ ጃሲም ከመንገዱ ዳር።
ማንም አላዘዛቸው፤ ሰባ ዓመት የቆሙበት ቦታ ነበር።

ሜትሬን አጠፍኩ። ሳቄን ዋጥኩ።
አንዲት ወፍ፤ ሁለት ወገን።

ላስቲክ ለጥፌ፣ ክንፏን በምላጭ ፈልቅቄ፣
አሸዋውን ለቀቅሁባት፣ በጭንብሌ ውስጥ አልቤ፣ ተጨንቄ።
ያችን የሳተች ጭረት ግን አራት ጊዜ ሞከርኳት፤
እጄ እየታረመ አስቸገረኝ።
ሆን ብሎ መሳት ከሁሉ ይከብዳል።
«ስሕተት!» ብሎ ጮኸ ሱኩማራን።
«የእኔ አይደለም» አልኩት።

ወደ መዝጊያው ሳስገባት ሁለቱ ግራና ቀኜ ቆሙ፤
«አላልኩህም!» አሉ ከውስጥ። «አላልኩሽም!» አሉ ከውጭ።
እኔ ጠርዟን ይዤ መኻል ነበርኩ፤
ከዚያ ሲታይ ወፍም የለ፣ ቅጠልም የለ፤
አንዲት ቀጭን
አረንጓዴ መስመር።