ያልተራገፈ ቁና

ቡሬ፣ በገበያው ማግስት፣
ከማኅበሩ ቢሮ ጀርባ ወፍጮው ሲያጓራ
ወይዘሮ አትጠገብ መጡ፣
መታወቂያቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው።

«የማዳበሪያ ዕዳ አለብዎት» አለ የኔ ፕሮግራም፣
«ሦስት ሺህ ሰባት መቶ አርባ ብር።»
እሳቸው ግን በዕድሜያቸው
አንድ ኩንታል ዩሪያ ተበድረው አያውቁም።

አልጮኹም። ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ።
«ልጄ፣ ከኔ ፊት የተስተናገደው ማነው?»
የኩቹ እንየው ነበር።
ዕዳውም የሱ ነበር፣ እስከ ሳንቲሙ።
«ታዲያ ወፍጮ ቤትም እንዲህ ነው፤
ከፊትህ በርበሬ ያስፈጨ ሰው ካለ
ጤፍህን እያስነጠሰህ ትበላለህ።»

ማታ ኮዱን ከፈትኩት።
አንድ ቁና አስቀምጫለሁ፣ «ቀሪ» ብዬዋለሁ፤
ስም ሰጠሁት እንጂ ምንም አልሰፈርኩበት።
ሰውየው ከመዝገብ ቢገኝ ዕዳው ይገባበታል፤
ባይገኝስ?
ስለ «ባይገኝስ» አንድ መስመር አልጻፍኩም።
ፈንክሽኑ ግን መልስ አምጣ ተብሏልና፣
ባዶ እጁን መመለስ ቢያሳፍረው፣
ከቁናው ሥር የተረፈውን፣ የሌላውን፣
አፍሶ አመጣ።

ማሽን ቤት አከራይ ነው፣ ወለሉን አይጠርግ፣
የሄደው የጣለው ይኑር አይኑር አይፈልግ።
አንዱ ቋንቋ ደግ ነው፣ ሳይጠሩት ደርሶ
ቁናውን አራግፎ ይሰጥሃል መልሶ።
ሌላው ቋንቋ ኩሩ ነው፣ በደጁ ላይ ቆሞ
«ያልሰፈርክበትን አትንካ» ይላል አስቀድሞ።
የኔው የባላገር ወፍጮ፣ ምን እንደገባ አያይ፣
መዘውሩ ይዞራል በነበረው ላይ።

«ቀሪ = 0» ልል እጄን ዘረጋሁ።
መድኃኒቱ አንድ መስመር፣ አንድ ባዶ።
ከዚያ ቆምኩ።

ባዶ ማለት ምንድን ነው?
ዕዳ የለባትም ነው?
ወይስ አላውቃትም?
ጣራው አፍስሶ መዝገቡ የራሰበት ልየው
ነገ ቢመጣና «ባዶ» ቢባል
እሱ ይስቃል፣ ማኅበሩ ያለቅሳል፤
ባዶውም እንደ በርበሬው ውሸት ነው፣
ልዩነቱ ማንንም አለማስነጠሱ።

ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል
ከባዶው ጎን አንዲት ቃል አኖርኩ፦
«አልተገኘም።»

ሰኞ ወይዘሮ አትጠገብ ተመለሱ።
የወጣውን አነበብኩላቸው።
«ምነው፣ ይኸው አለሁ እኮ!» ብለው ሳቁና
መታወቂያቸውን ከማስቀመጣቸው በፊት
የጠረጴዛዬን አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉት።