ናና ከረሜላ

በሉዊስ፣ በእኛ ደሴት፣ እሑድ ሥራ የማይፈታ ነፋስ ብቻ፤
ልብስ ከገመድ ይወርዳል። በግቢያችን ዳርቻ
አባቴ የእህቴን ልጆች ዥዋዥዌ ቅዳሜ ማታ በሲባጎ ያስራል፣
«ልጅ ቢረሳም ገመድ አይርሳ» ይላል።

ቶርሞድ ይባላል፤ መዝሙር መሪ ነው። ኦርጋን የለ፣ ሥዕል የለ፣ ግድግዳው ነጭ ኖራ፤
አንዷን ስንኝ ብቻውን ያነሣታል፣ ከባሕር ማዶ ሰው እንደሚጣራ፤
ጉባኤው ተቀብሎ ያንከባልላታል፣ ማዕበል በየተራ።
እግዚአብሔርን መፍራት በዚያ ድምፅ ተማርኩ፤
መውደዱንም (ይህን አያምነኝም) በዚያው ድምፅ ጀመርኩ።

ስብከቱ ሰዓት ሲያልፍ እጁ በአግዳሚው ሥር ትመጣለች፤
ናና ከረሜላ፣ ነጭ፣ ክብ፣ መዳፌ ላይ ታርፋለች።
ሕጉ መምጠጥ ነው፤ መቆርጠም ክልክል፣ ድምፅ እንዳይሰማ፤
እስከ ሦስተኛው ነጥብ አቆያት ነበር፣ ሁለቱን ሳልሰማ።

በመጋቢት፣ ገበታ ላይ፣ የዓሣ አጥንት እየለቀምኩ፣
«ካቶሊክ ልሆን ነው» አልኩ።
እናቴ ድንቹን ቆጠረች። መልሳ ቆጠረች።
እህቴ ኢሽባል ሳቀች፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣
«የወደድሽው ሰው አለ?» አለች።
«ሰውስ አይደለም» ብል ቅኔ እንዳይመስልባት ፈርቼ
ዝም አልኩ፣ አቀርቅሬ፣ ጆሮዬ ድረስ ቀልቼ።
አባቴ ሹካውን አኖረ፤ በቀስታ፣ ብርጭቆ እንደሚያኖር ሰው።
«አያትሽ በዚህ ቃል ኖሮ በዚሁ ሞተ፤ ለአንቺ ምን ጎደለው?»

ምን ልበለው? አልጎደለም።
ቃሉን ያስያዘኝ እሱ፤ ቃሉን ተከትዬ ነው
ካላሰብኩት ማዕድ ደጃፍ የደረስኩት።
ይህን የነገርኩት በልቤ ነው። በአፌ «ጨው አቀብለኝ» አልኩት።

በግንቦት የረግረጉን ማገዶ ስንቆርጥ (አፈሩ ነው የሚነደው በእኛ አገር)
ከአሥር ዓመታችን ጀምሮ እኔና ኬኒና በአንድ ቦይ፣ በአንድ መስመር፣
እሷ ቆራጭ፣ እኔ ወርዋሪ ነበርን። ዘንድሮ ጓንቴን ረሳሁ ብላ ቀረች።
ጓንት! በባዶ እጇ ዓሣ ስትገፍ የኖረች!
ሱቅ ስንገናኝ እንደ በሽተኛ እጄን ይዛ፣ «ለሐውልት ልትሰግጂ?» አለችኝ፤
ከዱቄቱ መደርደሪያ ሥር አለቀሰችልኝ።
ጥላቻ ቢሆንማ ተሳድቤ እገላገላለሁ፤
ስለ ነፍሴ ለምታነባ ምን ብዬ እቆጣለሁ?

በጰራቅሊጦስ ጠዋት መኪናዬን አስነሣሁ።
ሕዝቡ ጥቁር ለብሶ በእግሩ ወደ ጸሎት ሲወርድ አየሁ፤
ዳር ይዞ አሳለፈኝ። ማንም አልሰደበኝም፣ እጁንም ያነሣ የለም።
በመስታወቱ የአባቴ ባርኔጣ አነሰች፣ አነሰች፤ ዘወር አላለም።

በወደቡ ከተማ፣ በትንሿ ቤተ ክርስቲያን፣
የፊተኛው አግዳሚ ለቤተሰቤ በነጭ ሪባን
ተይዞ ነበር። ካህኑ ሊፈታው እጁን ዘረጋና ተወው።
ትከሻዬን የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ የያዘችው
ሊሲያማ ናት፣ የኬረላዋ ነርስ፣ የሌሊት ተረኛ ሆና ያደረች፤
ዓይኗ ደም ለብሶ፣ በጫማዋ ጫፍ ቆማ፣ ምክንያቱም አጭር ነች።

ያኔ ነው ካፖርቴ ኪስ ጥግ ክብ ነገር የዳሰስኩት።
ካፖርቱን እናቴ ናት ቁልፉን ተክላ በሩ ላይ የሰቀለችው።
ናና ከረሜላ። የዘንድሮ ትሁን የዛሬ ሦስት ዓመት፣
ሰው አስቦ የከተታት ወይስ ረስቷት የተዋት፣
አላውቅም። ደፍሬም አልጠይቅም።
ከቁርባን በፊት አይበላም።

ጨበጥኳት። ግንባሬ በዘይት ሲቀባ፣ ስሜ ሲጠራ፣
በሙቀቴ እየሟሟች በጣቶቼ ስትዘራ፤
ቅዱስ ቁርባን በእጅ መቀበል አልቻልኩም፣ እጄ ተጣብቆ፤
ልሳኔን አወጣሁ፣ እንደ ሕፃን፣ አንገቴ ተሰብቆ።

ከቅዳሴ በኋላ ወደቡ ዳር ቆምኩ። ነፋሱ ሥራ ላይ ነው።
አባቴ አሁን የመጨረሻውን መዝሙር የሚያነሣበት ሰዓት ነው።
የተረፈችውን ስባሪ አፌ ውስጥ ከተትኳት።
አልቆረጠምኳትም።